የልጅቷ ወተት

ወልደ የሱስ በኖራ የራሰውን ብሩሽ ግድግዳው ላይ ባለው የወተት ጣሳ ሥዕል ላይ ሲያሳርፍ ጋሽ ኑረዲን ከሱቃቸው ደጃፍ ብቅ አሉ።

"ቆይ እስቲ፤ ከሱ ነው እንዴ የምትጀምረው?"

"ከሱ ነው ጋሼ።"

"መመሪያው እኮ የሕፃን ሥዕል አጥፉ ነው የሚለው። ጣሳውን መሸጥ አልተከለከለም። የክሊኒኩ ጓድ አራርሳ ትናንት ስብሰባው ላይ ሲያነበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"የሕፃን ሥዕል እያሳዩ ወተትና ጣፋጭ አትሽጡ ነው የሚለው። የተከለከሉት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ከስብሰባው በኋላ ተከትዬው ሄጄ ጠየቅሁት። ጣሳው ከጠፋ ልጅቷ ብቻዋን ብትቀመጥ አያስጠይቅም አለኝ።"

ጋሽ ኑረዲን ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግድግዳውን አዩት። ግድግዳው የእሳቸው ነው፤ ቀለሙንም የገዙት እሳቸው ናቸው። ነጋዴ ከሁለት አንዱን አስቀር ቢሉት የቱን እንደሚያስቀር የታወቀ ነው። እሳቸው ግን ልጅቷን አዩ፣ ወልደ የሱስን አዩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አጥፋው እንግዲያው" አሉ። "ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ። የፈለገ ገብቶ ያየዋል።"

ወልደ የሱስ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናቸውና እጁን አፈጠነ። ኖራ በዘይት ቀለም ላይ በዋዛ አይጨበጥም። ጨው ካልገባበትና ሁለት ጊዜ ካልተደረበ የኢሉባቦር ዝናብ አንድ ሌሊት አይምረውም፤ አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ለጣሳው ጨዉን አልሰሰተም። ሚስቱ ሽብሬ ከምትሠራበት የቡና መጋዘን ሳትወጣ ለመጨረስ ነው ጥድፊያው።

መቱ ከተማ ያን ክረምት ቀለም ስትጠጣ ነው የከረመችው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስለደረሰ በጎሬ መንገድ ዳርና ዳር ያለው አጥር ሁሉ ተለስኗል። ወልደ የሱስም የከተማው ታፔላ ጻፊ እንደመሆኑ በየቀበሌው በር ላይ ማጭድና መዶሻ ሲስል ሰንብቷል። የሱ መዶሻ ዘነዘና ይመስላል እያሉ የሚያሙት ነበሩ፤ እውነትም ይመስል ነበር። ሰው ሲስል ግን የሚያማው አልነበረም።

ለዚህ የጋሽ ኑረዲን ግድግዳ ምስክር ነው። ልጅቷ እግሮቿን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ቁመቷን ወደሚያህለው ጣሳ ሰድዳ ትስቃለች። ጉንጮቿ ድብልብል ያሉ ናቸው። ቀለሟ ዓመት ከመንፈቅ ዝናብ ወርዶበትም ጥንቅቅ እንዳለ ነው፤ የቀኝ እግሯ ብቻ ተልጦ ምርጊቱ ታይቷል። እሱን የላጠው ዝናብ አይደለም። ሽብሬ ከሥራ ስትወጣ በዚህ በኩል ሳታልፍ ቤቷ አትገባም። ቆም ትልና መዳፏን እዚያች እግር ላይ ታሳርፋለች፤ አታለቅስም፣ አትናገርም። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ትቀጥላለች።

የግድግዳዋ ልጅ ጸዳለ ናት፤ የወልደ የሱስና የሽብሬ ልጅ። ሌላ ምስል የላትም። ፎቶ ቤት ወስደን እናስነሳት ሲባባሉ፣ በእግሯ ትቁምና ሲባባሉ፣ ሳትቆም ሞተች።

ነገሩ እንደ ጨዋታ ነበር የተጀመረው። ጋሽ ኑረዲን ጣፋጭ የጣሳ ወተት ማስመጣት ሲጀምሩ ጣሳው ላይ የፈረንጅ ልጅ ነበረች። "ይቺን የኖፓ ባላገር ምኔ ናት ይላታል? የአገሩን ልጅ ሳልለት" አሉት። ወልደ የሱስ የአገሩን ልጅ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ሽብሬ ጸዳለን ታቅፋ ከግድግዳው ፊት ተቀመጠች፤ እሱ ሳለ። ጸዳለ ቀጠን ያለች፣ አገጯ ሾጠጥ ያለ ልጅ ነበረች። ጋሽ ኑረዲን ወጥተው አዩና "እጅህ ይባረክ፤ ብቻ ጉንጭ ጨምርላት" አሉ። ጨመረላት። ሽብሬ በበኩሏ "እንዲህ አድርገህ ገበያ መሀል ስታወጣት ዓይን ይበላታል፤ ግንባሯን ጥላሸት ንካላት" አለችው። የወለደች ሁሉ ልጇን ይዛ ከደጅ ስትወጣ የምታደርገው ነው። እሱ ግን "ማስታወቂያ ላይ ጥላሸት ምን የሚሉት ነው?" ብሎ ሳቀባት።

ወተቱ ተሸጠ። የገጠር ሴት ፊደሉን አታነብም፣ የወተቱንም ስም አትጠራም። ትመጣና ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀስራ "አናን ዳኢማ ሰና" ትላለች፤ የዚያችን ልጅ ወተት ማለቷ ነው። ከኖፓም ከያዮም የሚመጣው ሰው ወተቱን የሚያውቀው በዚሁ ስም ሆነ።

ወልደ የሱስ የድካሙን ዋጋ እኩሌታ በወተት ጣሳ ወሰደ። ሽብሬ ደግሞ ያን ሰሞን መጋዘኑ ውስጥ የቡና ለቀማ ሥራ አገኘች፤ ልጅ አዝሎ መግባት አይቻልም። ጠዋት ጠዋት ጡጦውን ሞልታ ጸዳለን ጎረቤት ትተዋት ጀመር። ወተቱ እንደ ማር የወፈረ ስለሆነ በውሃ ይቀጥናል፤ እንዲበረክት ሲባል ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል። ውሃው ከወንዝ የተቀዳ ነው። ስኳሩ የጣማት ልጅ ጡት እንቢ አለች፤ እንቢ የተባለ ጡትም ነጠፈ። ክረምቱ ሲገባ ተቅማጥ ጀመራት። የግድግዳዋ ልጅ እንደወፈረች የእቅፏ ልጅ አለቀች።

የጤና ረዳቱ ጓድ አራርሳ ልጅቷ የሞተች ዕለት ወልደ የሱስን ከክሊኒኩ በር ዞር አድርጎ ነገረው። "ይሄ ወተት አይደለም" አለው። "ስኳርና የወንዝ ውሃ ነው ስትጠጣ የከረመችው።" ወልደ የሱስ ሌላ ነገር አልታየውም፤ ጡጦውን በየጠዋቱ የምትሞላው ሽብሬ መሆኗ ብቻ ነው የታየው። ይህን ከሰማች አብራት ትቀበራለች ብሎ ፈራ። ቤት ገባና "ዓይን ነው የበላት" አላት። "ጥላሸት ንካላት ስትዪኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።" ለቀስተኛው ሁሉ አመነ፤ ሽብሬም አንገቷን ነቀነቀች። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። መዋጡን ዋጠው፤ ሆዱ ግን አልፈጀውም።

ትናንት ጓድ አራርሳ ያንኑ ነገር በቀበሌው አዳራሽ ለአገር ምድሩ ሲያስረዳ ወልደ የሱስ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ደግነቱ ሽብሬ አልነበረችም። "ደክሞሻል፤ ከቤት አንድ ሰው ይበቃል" ብሎ አስቀርቷት ነበር።

ጣሳው ሁለተኛው ኖራ ተደርቦበት ብሩሹን ሲያጥብ ከኋላው "ዛሬ እዚህ ነህ?" የሚል ድምፅ ሰማ።

ሽብሬ ናት። የቡና ገለባ ነጠላዋ ላይ እንዳለ ነው።

"በጊዜ ለቀቋችሁ?"

"የሚለቀም ቡና የለም። እስከ አዲሱ ዓመት በየተራ ግቡ ተባልን።" ግድግዳውን አየች። "ጣሳው ምን ሆነ?"

"ለበዓሉ ነው" አለ ወልደ የሱስ፤ ይቺን መልስ ከጠዋት ጀምሮ ሲለማመዳት ነበር። "መፈክር ይጻፍበታል ተብሏል።"

"እሷስ?"

"እሷ ትቆያለች።"

 መፈክሩ ምን እንደሚል ሊፈጥርላት ሲል ሽብሬ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እንደ ልማዷ መዳፏን እግሪቷ ላይ አሳረፈች፤ ዛሬ ግን ቀና ብላ የልጅቷን ፊትም አየች። ጣሳው ከጠፋ በኋላ የልጅቷ እጆች ወደ ባዶ ቦታ ተዘርግተው ቀርተዋል፤ ማንም ያያቸው ሰው እቀፉኝ ትላለች ይላል።

"ጉንጯ እንዲህ አልነበረም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ቀንስላት።"

ወልደ የሱስ የቀለም ሣጥኑን ከፈተ። ዓመት ሙሉ በልቡ ሲያደርገው የኖረው ነገር ስለነበር እጁ አላመነታም። ግራ ጉንጯን በጥላ ሰበር አደረገው፤ ቀኙንም። ሽብሬ ከኋላው ቆማ እየተመለከተች ታርመዋለች።

"አገጯን ሾጠጥ። አሁንም። እንደሱ።"

"ጆሮዋስ?"

"ግራው ገንጠል ይላል። ያንተን ጆሮ ነው የወሰደችው፤ ረሳኸው እንዴ?"

"የኔ ይገነጠላል?"

"አታውቅም ነበር?" አለች፤ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። በቤታቸው ሳቅ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ወልደ የሱስ እንዳያስደነግጠው ብሎ ዞር አላለም።

ጋሽ ኑረዲን ከሱቁ ውስጥ ያዳምጡ ኖሯል። የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡና ቂጡን ወደ ሽብሬ አዞሩላት።  ሽብሬ ጣቷን ጥላሸቱ ላይ አሸች፣ ተንጠራራች፣ የልጅቷን ግንባር ነካች።

ሦስቱም ቆመው አዩዋት። ቀጭን ልጅ፣ ሾጣጣ አገጭ፣ አንድ ገንጣላ ጆሮ፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ።  ወልደ የሱስ ልጁን ከሞተች ጀምሮ ዛሬ ገና አያት።

"አሁን እሷ ናት" አለች ሽብሬ።

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከታች በኩል፣ ከኖፓ መንገድ፣ ልጅ ያዘለች ሴት እግሯን ጭቃ ውጦት እየተሳበች መጣች። ግድግዳውን ስታይ ፊቷ በራ። የቆሙትን በኦሮምኛ ሰላም ብላ ጣቷን ወደ ጸዳለ ቀሰረች።

"አናን ዳኢማ ሰና" አለች ለጋሽ ኑረዲን። አንድ ጣሳ ፈለገች።

ጋሽ ኑረዲን ወደ ሽብሬ ሰረቅ አድርገው አዩ። "አልቋል" አሉ በኦሮምኛ።

ሴትዮዋ በበሩ ወደ ውስጥ አንገቷን አሰገገች። "ያ የተደረደረው ምንድን ነው ታዲያ?"

 ጋሽ ኑረዲን ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ወልደ የሱስ ጣልቃ ገባ። ኦሮምኛው እንደ አፉ መፍቻ ነው። "የወተቱ ሥዕል ጠፍቷል እኮ እናቴ። ይቺ እንዲሁ ልጅ ናት።"

"ጣሳውን እኔ ምን አውቀዋለሁ" አለች ሴትዮዋ። "ጎረቤቴ፣ ልጅቷ ያለችበት ቤት ብላ ነው የላከችኝ። ልጅቷ ይቻትና።"

ሽብሬ ወደ ሴትዮዋ ቀረበችና ከጀርባዋ ያለችውን ሕፃን ገለጥ አድርጋ አየቻት። እንቅልፍ ላይ ነበረች።

"ጡት የለሽም?"

"ትንሽ ትንሽ አለኝ። ግን አየሻት፤ ቀጫጫ ናት።" ቀና ብላ ግድግዳውን እንደገና አየች። "እንደዚች ብትሆንልኝ ብዬ ነው።"

ወልደ የሱስ ብሩሹን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ጉንጯን ቀንሶላት፣ አገጯን አሹሎላት፣ ጥላሸት ተነክቶላትም ያው ናት። እናት አይታ የምትመኛት ልጅ ናት።

"ያቺ የኔ ናት" አለች ሽብሬ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ከዚህ ወተት ሌላ አልሰጠኋትም ነበር። ስኳርና የወንዝ ውሃ ኖሯል። በዚህ እጄ እያጠጣሁ ገደልኳት። ትንሽም ብትሆን ያለችሽን አጥቢያት።"

ሴትዮዋ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ቀጥሎ ሽብሬን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ወርውራ የልጇን ፊት ከሥዕሉ ሸፈነች፤ የለቅሶ ቤት አጠገብ እንደሚያልፍ ሰውም ጎንበስ ብላ በመጣችበት ተመለሰች።

ጋሽ ኑረዲን ወደ ሱቃቸው ገቡ። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ።

"ማን ነገረሽ?" አለ ወልደ የሱስ።

"አራርሳ። የሞተች ዕለት ጠዋት፣ አንተ ክሊኒክ ሳትመጣ። ምን ነበር የምታጠጫት ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ አላለም፤ ሲጠይቀኝ ፊቱን አየሁት።"

"ዓመት ሙሉ!"

"ጣሳውን ያመጣኸው አንተ ነህ። እሷን የሳልካትም አንተ ነህ። ዓይን ነው ብለህ ስትገባ፣ እሰይ፣ እሱስ እንኳን አላወቀ አልኩ። ይቅለለው ብዬ ነው አንገቴን የነቀነቅሁት።"

ወልደ የሱስ "እኔም እኮ" አለና አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ለካ ዓመት ሙሉ በአንድ አልጋ ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ፣ አንዱ ላንዱ ሲል አንድ እሳት ለየብቻ ሲውጡ ነው የኖሩት። ሰው እንዲህም አድርጎ ይፋቀራል፤ አይጣል ነው።

"ነገ ገበያ ነው" አለች ሽብሬ። "ከያዮ ሁሉ ይመጣሉ። አጥፋት።"

"አራርሳ እኮ ጣሳው ከጠፋ ይበቃል ብሏል።"

"መመሪያውን መጋዘን ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ለመመሪያው ይበቃል።"

"ሽብሬ፣ ሌላ የለንም።"

"አውቃለሁ። ኖራውን በጥብጥልኝ። ካልቻልክ እኔ እቀባዋለሁ።"

በጠበጠላት። ባልዲው ላይ አጎንብሶ ኖራውን ሲያማስል የጨዉ ከረጢት እግሩ ሥር ነበር፤ ለአንድ ባልዲ የሚሆን አልቀረበትም እንጂ ጋሽ ኑረዲን ሱቅ ጨው አይጠፋም። አልጠየቀም። ያለጨው በጠበጠው። ማንም አላየውም፤ እሱ ራሱም እጁ የሠራውን እንዳላየ ሆነ። ዝናቡ ሲመጣ ኖራው ይታጠባል፣ መስቀል ሳይደርስ ጸዳለ ከዓይኗ ጀምሮ ትመለሳለች። ሽብሬ ብሩሹን ተቀበለችው።

ከእግሯ ጀመረች፤ ከዚያች ከተላጠችው። ወደ ጉልበቷ፣ ወደ ተዘረጉት እጆቿ ወጣች። ቀስ ብላ ነው የምትቀባው፤ ገላ የምታጥብ እንጂ ግድግዳ የምትለስን አትመስልም። ፊቷ ጋ ስትደርስ ብሩሹን ዝቅ አደረገችው። ወልደ የሱስ ተነስቶ እጇን ከብሩሹ ጋር ያዘላት፤ ፊቷን አብረው ቀቡት። ጥላሸቷ ከኖራው ጋር ተቀላቅላ ግንባሯ ላይ ዳመና መሰለች።

እርጥብ ኖራ አይሸፍንም። ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ስለዚህ ልጅቷ ተቀብታም እዚያው ነበረች፤ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ትታያለች። ባልና ሚስቱ መንገዱን ተሻግረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ክረምቱ እምብዛም የማይለግሳት ፀሐይ ዳመናውን ገልጣ ግድግዳው ላይ አረፈች። ሌላ ቀን ቢሆን ወልደ የሱስ ለቀለሙ ብሎ የሚመኛት ፀሐይ ናት፤ ዛሬ ግን አስጠላችው። እግሯ ነጣ። እጆቿ ነጡ። ገንጣላዋ ጆሮ ከሁሉ ዘግይታ ቆየች፤ ሽብሬ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት፤ እሷም ነጣች። ያን ጊዜ ሽብሬ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው፤ እሱም ሊያባብላት አልሞከረም፣ አብሯት አለቀሰ።

ፀሐይዋ ተመልሳ ስትገባ ከሶር ወንዝ በኩል ጥቁር ዳመና እየከበደ መጣ። ሽብሬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"ይበቃል?" አለችው፤ ባለሙያ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችው።

ወልደ የሱስ ነጩን ግድግዳ አየ። ይበቃል ቢላት ታምነዋለች። ዳመናውንም አየ፤ ዛሬ ማታ ይዘንባል፤ ነገ ደግሞ ገበያ ነው።

"አይበቃም" አለ። "ጨው አላደረግሁበትም።"

ሽብሬ ቀስ ብላ ዞራ አየችው። አልወቀሰችውም። እሱ ባልዲውን አንስቶ መንገዱን ተሻገረና ከሱቁ ደጃፍ ቆመ።

"ጋሽ ኑረዲን፣ ጨው ይስጡኝ።"